የሌሊት ወፍ በእግሯ ዘላ የማትነሣው ለምንድን ነው?

ጠያቂያችን አንድ ምሽት ከጣሪያ ሥር ወድቃ ወለል ላይ የምትሳብ የሌሊት ወፍ አይተዋል። ክንፏ የተሰበረ አይመስልም ነበር፤ ይሁን እንጂ ከመብረር ይልቅ በእጆቿ አንጓ እየተጎተተች ወደ ግድግዳው ታመራለች። «የሌሊት ወፍ ከመሬት ተነሥታ መብረር አትችልም የሚባለው እውነት ነውን? እውነት ከሆነስ ሁለት እግር እያላት እንደ ወፍ ዘላ ለምን አትነሣም?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

የመጀመሪያውን ጥያቄ ለመመለስ ያህል፣ አባባሉ ለሁሉም የሌሊት ወፎች አይሠራም። ከ1,400 በላይ ከሚሆኑት ዝርያዎች መካከል ብዙዎቹ ከጠፍጣፋ መሬት ተነሥተው ይበርራሉ፤ አንዳንዶቹ በጭንቅ፣ ሌሎቹ በቀላሉ፣ አንዲቱ ዝርያ ደግሞ ወፍን በሚያስንቅ ቅልጥፍና። መነሣቱ እጅግ የሚያስቸግራቸው መኖራቸውም እውነት ነው። ከሁሉ የሚልቀው ግን ሁለተኛው ጥያቄዎ ነው፤ ምክንያቱም የሌሊት ወፍ መዝለል ተስኗት አይደለም፤ በእግሯ መዝለል እንጂ። ከመሬት ስትነሣ የምትዘለው በእጇ ነው። ቁልቁል ተንጠልጥላ ማደሯንም ሆነ ወለል ላይ ሆና መቸገሯን የሚያስረዳው ይኸው ነገር ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ላብራራው።

ማንኛውም በራሪ እንስሳ ከመነሣቱ በፊት የሚጎድለው ነገር ፍጥነት ነው። ክንፍ ወደ ላይ የሚያነሣ ኃይል የሚያገኘው አየር በላዩና በሥሩ ሲፈስ ሲሆን፣ ይህም ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ልክ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል። በቆመ እንስሳ ክንፍ ላይ አየር የሚፈሰው እንስሳው ራሱ ክንፉን ሲያወዛውዝ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት የክንፍ ምቶች ተረጋግቶ ከሚበርርበት ጊዜ እጅግ የበለጠ ጉልበት ይጠይቁታል። በዚህ ላይ መሬቱ ራሱ እንቅፋት ይሆናል። በደረቱ የተኛ እንስሳ ክንፉን ወደ ታች ሊመታ ቢሞክር ጫፉ ገና ግማሽ መንገድ ሳይሄድ ከወለሉ ጋር ይጋጫል። እንግዲህ ለመነሣት ሁለት ነገር ማግኘት ያስፈልጋል ማለት ነው፤ የመጀመሪያውን ፍጥነት፣ እንዲሁም ክንፍ እንደ ልብ የሚዘረጋበትን ከፍታ።

አብዛኞቹ ወፎች ሁለቱንም የሚያገኙት ከእግራቸው ነው። አንዲት ርግብ ስትነሣ ልብ ብለው ካዩ፣ አስቀድማ ጉልበቷን ታጥፋለች፣ ከዚያም በኃይል ትወነጨፋለች፤ ክንፏ የመጀመሪያውን ሙሉ ምት የሚመታው እግሯ መሬቱን ለቅቆ ወይም ሊለቅ ሲል ነው። የወፍ እግርና የወፍ ክንፍ ሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች ናቸው። አንዱ ሲሠራ ሌላው ማረፍ ይችላል፤ እግሩ ለመራመድ፣ ለመዋኘት ወይም ለመዝለል ሲሠለጥን ክንፉ ምንም አይጎድልበትም። ሰጎን ክንፏን ትታ በእግሯ ስትሮጥ፣ ዳክዬ በእግሯ ስትቀዝፍ የምናየው ይህን ነጻነት ነው።

የሌሊት ወፍ ይህ ነጻነት የላትም። የክንፏ ቆዳ ከእጇ ጣቶች ተነሥቶ በጎኗ በኩል አልፎ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ይዘረጋል፤ በብዙ ዝርያዎች ደግሞ ሁለቱ እግሮች መካከል ተጨማሪ ቆዳ ተወጥሮ ጭራዋን ያቅፋል። ስለዚህ እግሯ የክንፉ የኋላ ጠርዝ መወጠሪያ ነው። እግሯን ስታወርድ የክንፏ ቅርጽ ይለወጣል፤ እግሯን ስትዘረጋ ቆዳው ይወጠራል። ይህን ሥራ ይሠራ ዘንድ ዳሌዋ ላይ ያለው የጭን አጥንት ከሌሎች አጥቢ እንስሳት በተለየ ዞሯል፤ ጉልበቷ የሚያመለክተው ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ጎንና ወደ ኋላ ነው። እንዲህ ባለ እግር ከሰውነት ሥር ቆሞ፣ ጉልበትን አጥፎ መወንጨፍ አይቻልም።

ስለዚህ እግር አንድ ማብራሪያ በብዛት ሲደገም እሰማለሁ፤ የጭን አጥንቷ እጅግ ቀጭን ስለሆነ የሰውነቷን ክብደት ከላይ ወደ ታች ሲጫንባት መሸከም አይችልም፣ ለመንጠልጠል ብቻ የተሠራ ነው የሚል። ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የቀረበ ሲሆን ሲሰሙት የሚያሳምን ይመስላል። በኋላ ግን ተመራማሪዎች የሌሊት ወፎችን በኃይል መለኪያ ሰሌዳ ላይ እያስኬዱ ሲለኩ ውጤቱ ከዚህ ጋር አልተስማማም፤ በመሬት ላይ እንደ ልቧ መሄድ የማትችለው ዝርያ እግሮች ላይ ያረፈው ኃይል፣ በደንብ በምትሄደው ዝርያ እግሮች ላይ ካረፈው የሚያንስ ሆኖ አልተገኘም። በእኔ አስተያየት ችግሩን በአጥንቱ ውፍረት ላይ ብቻ መጣል ትክክል አይደለም። የእግሩ አቀማመጥ፣ የጡንቻው ማነስና ከክንፉ ጋር መታሰሩ ከውፍረቱ ይልቅ ብዙ ያስረዳሉ።

በእግር የጠፋውን ፍጥነት አብዛኞቹ የሌሊት ወፎች የሚያገኙት ከመሬት ስበት ነው፤ ቁልቁል የመንጠልጠል ትርጉሙም እዚህ ላይ ነው። የእግር ጣቶቿን የሚያጥፈው ጅማት በሰውነቷ ክብደት ሲሳብ ጥፍሮቿ በራሳቸው ይቆለፋሉ፤ ጅማቱ የሚያልፍበት ሽፋን ውስጥ ያሉ ሸንተረሮች ከጅማቱ ላይ ካሉ ጉብጉቦች ጋር ተያይዘው እንዳይንሸራተት ይይዙታል። ስለዚህ ለመንጠልጠል ጡንቻዋን ማሠራት አያስፈልጋትም፤ ተኝታም፣ በብርድ ወራት ደንዝዛም ሳትወድቅ ትቆያለች። ለመነሣት ደግሞ ቁልፉን መፍታት ብቻ ይበቃታል።

ይህ አነሣስ ምን ያህል ርካሽ እንደሆነ በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። የአየሩን መቋቋም ለጊዜው ትተን፣ አንድ ሜትር ቁልቁል የወደቀ ማንኛውም ነገር በ0.45 ሰከንድ ውስጥ በሰከንድ 4.4 ሜትር ያህል ፍጥነት ያገኛል፤ ሁለት ሜትር ከወደቀ ፍጥነቱ ወደ 6.3 ሜትር በሰከንድ ይደርሳል። ይህ ትናንሽ የሌሊት ወፎች ተረጋግተው ከሚበርሩበት ፍጥነት ጋር የሚቀራረብ ነው። ርግብ በእግሯ ጡንቻ የምትገዛውን ፍጥነት የሌሊት ወፍ በከፍታ ትገዛዋለች ማለት እንችላለን። በእርግጥ ሁልጊዜ ዝም ብላ አትወድቅም። ትልልቆቹ ፍራፍሬ በል የሌሊት ወፎች ከቅርንጫፍ ሲነሡ ቢያዩ፣ ገና በጥፍራቸው እንደተያዙ ክንፋቸውን ደጋግመው እየመቱ ሰውነታቸውን ከቁልቁለት ወደ አግድም ያነሡታል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚለቅቁት። በዚህ ጊዜ የሚያጡት ከፍታ በጣም ትንሽ ነው።

አሁን ወደ መሬት እንውረድ። ከመሬት በመነሣት የሚስተካከላት የሌለው በላቲን አሜሪካ የምትኖረው ተራ ደም መጣጭ የሌሊት ወፍ ነች። ክብደቷ 30 ግራም አካባቢ ነው። ምግቧን የምታገኘው ከተኙ እንስሳት፣ በተለይም ከከብቶች ስለሆነ በመሬት ላይ እየተራመደች ትቀርባለች፤ እንስሳው ቢነቃ ወይም እግሩን ቢያነሣ ሳትረገጥ ማምለጥ ይኖርባታል። ከዚህ የሚከብደው ደግሞ በአንድ ጊዜ የክብደቷን ግማሽ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ደም መጠጣቷ ነው። ኩላሊቷ የደሙን ውኃ መጠጣት በጀመረች በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ማስወገድ ይጀምራል፤ እንዲያም ሆኖ የምትነሣው ከመጣችበት ክብደት እጅግ በልጣ ነው። ከቅርንጫፍ መውደቅ በማትችልበት ቦታ፣ ሆዷን ሞልታ፣ በቅጽበት መነሣት አለባት።

ይህች እንስሳ ስትነሣ በፈጣን ካሜራ የተቀረጸውን ምስል አንድ በአንድ እየቆጠርኩ ያየሁበት ጊዜ አይረሳኝም። አስቀድማ በአራት እግር ትቆማለች፤ ክንፎቿ ተጠቅልለው ክንዷ እንደ ፊት እግር መሬቱን ይዟል፣ ረጅሙ አውራ ጣቷም ወለሉ ላይ ተኝቷል። ከዚያ ደረቷን ዝቅ ታደርጋለች፣ ክርኖቿ ወደ ውጭ ይታጠፋሉ። በቀጣዮቹ ምስሎች ውስጥ እግሮቿ ሰውነቷን ከወደ ኋላ ቀና ያደርጉና አቅጣጫዋን ያስተካክላሉ፤ ዋናውን ግፊት የሚሰጡት ግን ክንዶቿ ናቸው። ክርኑ ይዘረጋል፣ ትከሻው ወደ ታች ይገፋል፣ ሰውነቷ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወነጨፋል። ከመሬቱ መጨረሻ የሚለቅቀው የአውራ ጣቷ ጫፍ ነው። ዝላዩ ሲለካ በክንዶቿ መሬቱን የምትገፋበት ጊዜ 30 ሚሊ ሰከንድ ያህል ሆኖ ተገኝቷል፤ በዚያ ውስጥ ወለሉን የምትገፋበት ከፍተኛ ኃይል የራሷን ክብደት 9.5 እጥፍ ያህላል፣ ስትነሣ ያላት ፍጥነትም በአማካይ በሰከንድ 2.38 ሜትር ነው።

ይህን ፍጥነት ወደ ከፍታ ብንለውጠው፣ ክንፏን ፈጽሞ ባትዘረጋ እንኳ 29 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ትወጣለች፤ እስከዚያ ጫፍ ለመድረስም ሩብ ሰከንድ የማይሞላ ጊዜ ይወስድባታል። በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ ክንፏን ከፍታ፣ ከመሬቱ ሳይጋጭባት የመጀመሪያዎቹን ምቶች መምታት ይበቃታል። ቀደም ሲል ያነሣናቸው ሁለቱ ነገሮች፣ የመጀመሪያው ፍጥነትና የክንፍ መዘርጊያው ከፍታ፣ በአንድ ዝላይ ተገኙ ማለት ነው። ወደ ፊት፣ ወደ ኋላና ወደ ጎንም መዝለል ትችላለች፤ ከከብት ሰኮና ለሚሸሽ ፍጡር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነጥብ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ። ይህን ዝላይ የሚያንቀሳቅሰው ጡንቻ በበረራ ጊዜ ክንፍን ወደ ታች የሚመታው ያው የደረት ጡንቻ ነው። ክንድ ወደ ታች ሲገፋ፣ በአየር ላይ ከሆነ የክንፍ ምት ይባላል፤ መሬት ላይ ከሆነ ዝላይ ይሆናል። ወፍ ለመዝለል ሌላ፣ ለመብረር ሌላ የጡንቻ ስብስብ ተሸክማ ስትዞር የሌሊት ወፍ ለሁለቱም በአንዱ ትሠራለች። በእኔ እይታ በእጅ መዝለል የእግርን ጉድለት ለመሸፈን የተገኘ ደካማ ምትክ አይደለም፤ በሰውነቷ ውስጥ ካሉት ጡንቻዎች ሁሉ ትልቁን በትክክለኛው ቦታ መጠቀም ነው። አንዳንድ ተመራማሪዎች ከዳይኖሶሮች ዘመን የነበሩት በራሪ ተሳቢዎች፣ ቴሮሶሮችም፣ በዚህ መንገድ በአራት እግራቸው ቆመው በክንዳቸው ይወነጨፉ ነበር የሚል ሐሳብ ያቀረቡት ከዚሁ በመነሣት ነው።

ደም መጣጯ ከሌሎቹ ዘመዶቿ የምትለየው በመዝለሏ ብቻ አይደለም። በተንቀሳቃሽ ምንጣፍ ላይ ተደርጋ ፍጥነቱ ሲጨመርባት፣ በክንዶቿ እየገፋች በሰከንድ ከአንድ ሜትር በላይ እንደምትሮጥ እ.ኤ.አ. በ2005 ተረጋግጧል። በሩጫዋም ቢሆን ጉልበቱ የሚመጣው ከፊት ነው። በኒው ዚላንድ የምትኖረው ባለ አጭር ጭራ የሌሊት ወፍም በደን ወለል ላይ ቅጠል እያገላበጠች ምግቧን የምትፈልግ ጥሩ እግረኛ ነች።

የቀሩት ዝርያዎች ከመሬት መነሣት መቻላቸውና አለመቻላቸው በአብዛኛው የሚወሰነው በክንፋቸው ቅርጽና በክብደታቸው ነው። ክንፉ ሰፊና አጭር ከሆነ፣ የእያንዳንዱ ሣንቲ ሜትር ካሬ ቆዳ ድርሻ የሚሆነው ክብደት ትንሽ ስለሚሆን እንስሳዋ በዝግታ መብረርና በጠባብ ቦታ መታጠፍ ትችላለች፤ ከመሬት ለመነሣትም ትንሽ ፍጥነት ይበቃታል። ከቅጠልና ከመሬት ላይ ነፍሳትን የሚለቅሙት ዝርያዎች በአብዛኛው እንዲህ ናቸው። ክንፉ ረጅምና ጠባብ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጭራቸው ከቆዳው ወጥቶ የሚታየው የሌሊት ወፎች በገላጣ ሰማይ ላይ በከፍተኛ ፍጥነት ረጅም መንገድ ለመብረር የተሠሩ ናቸው፤ በዚያው ልክ በዝቅተኛ ፍጥነት ክንፋቸው ሊያነሣቸው ይቸገራል። እነዚህ መሬት ላይ ከወደቁ የሚመርጡት በአቅራቢያ ያለን ግድግዳ ወይም ግንድ ፈልጎ ወደ ላይ መውጣትና ከዚያ መውደቅ ነው። ክብደትም የራሱ ሕግ አለው። እንስሳ በሁሉም አቅጣጫ እጥፍ ሲያድግ የክንፉ ስፋት አራት እጥፍ፣ ክብደቱ ግን ስምንት እጥፍ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ከአንድ ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝኑት ትልልቆቹ ፍራፍሬ በሎች ከመሬት ሲነሡ፣ ሁለት ግራም ከምትመዝነው ከትንሿ ዝርያ ይልቅ እጅግ ይከብዳቸዋል።

የተነሣች የሌሊት ወፍ በመጀመሪያዎቹ ሜትሮች ውስጥ የምትበርረው በዝግታ ስለሆነ፣ በዝግታ እንድትበርር የሚያስችላትን ክንፍ ቀረብ ብለን እንየው። ክንፏን በጥንቃቄ ዘርግቶ ከኋላው መብራት ያበራ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው የሰውን እጅ ነው፤ የላይኛው ክንድ፣ ክርን፣ የታችኛው ክንድ፣ አንጓ፣ ከዚያም አምስት ጣቶች። አውራ ጣቱ አጭርና ባለ ጥፍር ሆኖ ነጻ ቀርቷል። የቀሩት አራቱ እጅግ ረዝመው ቆዳውን እንደ ጃንጥላ ዘንግ ይወጥሩታል፤ ሁለተኛው የክንፉን የፊት ጠርዝ ሲያጠነክር፣ አምስተኛው ከአንጓ እስከ ኋላ ጠርዝ ያለውን ስፋት ይዞ ጉብጠቱን ይቆጣጠራል። አጥንቶቹ ወደ ጫፍ ሲደርሱ ማዕድናቸው እየቀነሰ ይሄዳል፤ የጣቶቹ ጫፍ አጥንቶች በበረራ ጊዜ በግልጽ ይለመጣሉ። ይህ ድክመት አይምሰልዎት። የሚለመጥ ጫፍ ቀላል ነው፣ የአየሩን ድንገተኛ ጫናም ሳይሰበር ያሳልፋል።

ቆዳው ራሱ በብርሃን ፊት ሲታይ በውስጡ ሁለት ዓይነት መስመሮች ይነበባሉ። አንደኞቹ ኤላስቲን ከሚባል የሚለጠጥ ነገር የተሠሩ ክሮች ሲሆኑ፣ ክንፉ ሲታጠፍ ቆዳው ተንጠልጥሎ እንዳይወዛወዝ ሰብስበው ይይዙታል፤ ክንፉ ሲዘረጋ ደግሞ ሽብሽቡ ይከፈታል። ሁለተኞቹ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ጡንቻዎች ናቸው። እነዚህ ጡንቻዎች አጥንት አያንቀሳቅሱም፤ ቆዳው ውስጥ ተነሥተው ቆዳው ውስጥ ይቀራሉ። ሥራቸው ክንፉ ወደ ታች ሲመታ ቆዳውን ማጠንከርና ከልክ በላይ እንዳይነፋ መግታት ነው። በክንፉ ላይ በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ ጥቃቅን ፀጉሮችም ተበትነዋል። ተመራማሪዎች እነዚህን ፀጉሮች በፀጉር ማስወገጃ ቅባት አንሥተው እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ የሌሊት ወፎቹ ከቀድሞው ፈጥነው ሲበርሩና እንቅፋት ሲያልፉ ሰፋ አድርገው ሲዞሩ ታይተዋል። አየሩ በክንፋቸው ላይ እንዴት እንደሚፈስ የሚነግራቸው ምልክት ስለጠፋባቸው ነው።

ይህ ለስላሳ ክንፍ በዝግታ በረራ ጊዜ ምን እንደሚያደርግ በደንብ የታወቀው አየር ውስጥ ጭጋግ ተነዝቶ በጨረር ሲታይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የአበባ ማር በምትመገብ አንዲት ትንሽ ዝርያ ላይ በተደረገ ጥናት፣ ክንፏ ወደ ታች ሲመታ በፊት ጠርዙ ላይ ጠንካራ የአየር አዙሪት ተጠቅልሎ እንደሚቀመጥ ታየ። አዙሪቱ ከክንፉ ሳይላቀቅ ሲቆይ በላዩ ያለውን የአየር ጫና ዝቅ ያደርጋል፤ ከሚያነሣት ኃይል ውስጥም እስከ 40 በመቶ የሚሆነው ከዚሁ የመጣ ነው። በዚያ ዝግታ አንድ ድርቅ ያለ ክንፍ በእንዲህ ያለ ማዕዘን ቢያጋድል አየሩ ተላቅቆት ይወድቅ ነበር። ደም መጣጯ ከወለሉ በተወነጨፈች ቅጽበት፣ ፍራፍሬ በሏም ከቅርንጫፉ በለቀቀች ጊዜ ያሉት በዚህ ዓይነት የዝግታ ክልል ውስጥ ነው።

ወደ ላይ የሚመለሰው ምት ደግሞ ሌላ ብልሃት ይጠይቃል። በጡንቻና በአጥንት የተሞላ እጅ ከላባ ይልቅ ከባድ ነው፤ በሰከንድ አሥር ጊዜ ያህል እየወረወሩ መመለስም ብዙ ጉልበት ይበላል። የሌሊት ወፍ ወደ ላይ በምትመለስበት ጊዜ ክርኗንና አንጓዋን አጥፋ ክንፏን ወደ ሰውነቷ ትሰበስባለች። ክብደቱ ወደ ትከሻ ሲቀርብ ለማንቀሳቀስ ይቀልላል፤ ስሌቱ እንደሚያሳየው በመታጠፉ ምክንያት ክንፉን ለማወዛወዝ የሚወጣው ጉልበት፣ ክንፉ እንደተዘረጋ ቢመለስ ከሚያስወጣው ወደ 65 በመቶ ይወርዳል። ሥራውን የሚሠሩት ጡንቻዎች አቀማመጥም ከወፎች ይለያል። ወፎች ክንፍ የሚያነሣውን ዋና ጡንቻ ደረታቸው ላይ ተሸክመው፣ ጅማቱን በትከሻ አጥንቶች መካከል በመዘውር ላይ እንደሚያልፍ ገመድ ወደ ላይ ያዞሩታል። በሌሊት ወፎች ዘንድ ክንፍን የሚያነሡት ጡንቻዎች በጀርባና በትከሻ ላይ ሲሆኑ፣ ክንፍን የሚያወርደውም ሥራ ለደረት ጡንቻው ብቻ ሳይተው ለሌሎችም ተከፋፍሏል። ስለዚህ ደረታቸው እንደ ወፍ ጎልቶ አይወጣም፤ ጠፍጣፋ ሰውነታቸውም በጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ለመግባት ይመቻቸዋል።

የክንፉ ክብደት ሸክም ብቻ አይደለም፤ ማረፊያ ላይ ይጠቅማታል። ወደ ጣሪያ የምትቀርብ የሌሊት ወፍ ፍጥነቷን ስለምትቀንስ ሰውነቷን ለመገልበጥ የሚበቃ ኃይል ከአየሩ ማግኘት አትችልም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በዚህ ጊዜ አንዱን ክንፍ በመጠኑ ወደ ሰውነቷ ሰብስባ ሌላውን ዘርግታ ትመታለች፤ የክንፎቹ ክብደት ሰውነቷን በተቃራኒው አቅጣጫ ስለሚያዞረው እግሮቿ ወደ ላይ ይመጣሉ። በዋሻ የሚያድሩት አንዳንድ ዝርያዎች በሁለት እግራቸው ብቻ በዝግታ ሲያርፉ፣ ዛፍ ላይ የምታድር አንዲት ፍራፍሬ በል ዝርያ ደግሞ በሁለቱ አውራ ጣቶቿና በሁለቱ እግሮቿ በአንድ ጊዜ፣ ከክብደቷ በብዙ በሚበልጥ ኃይል ትጋጫለች። ቅጠል የሞላበት ቅርንጫፍ ይለመጣል፤ የዋሻ ድንጋይ አይለመጥም። ልዩነቱ ከዚህ ሳይመጣ አይቀርም ብዬ አስባለሁ።

ስለዚህ እጅ አመጣጥ አንድ ነገር ልጨምር። ቅሪተ አካሏ በአሜሪካ ዋዮሚንግ ግዛት የተገኘውና እ.ኤ.አ. በ2008 ስም የተሰጣት ጥንታዊት የሌሊት ወፍ ኦኒኮኒክተሪስ 52.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረች ሲሆን፣ በአምስቱም ጣቶቿ ላይ ጥፍር ነበራት። የዛሬዎቹ ጥፍር የቀረላቸው በአውራ ጣታቸው፣ ጥቂቶቹም በሁለተኛው ጣታቸው ላይ ብቻ ነው። የእጅና የእግሯም ርዝመት ተመጣጣኝነት ዛፍ ላይ ከሚንጠላጠሉ እንስሳት ጋር ይቀራረባል። መብረር የምትችል ነበረች፤ ግን በእጆቿ መውጣትን ገና አልተወችም። ከፍ ካለ ቦታ ወጥቶ መውደቅ ለዚህ ቤተሰብ የቆየ ልማድ እንደሆነ ከዚህ መገመት ይቻላል።

እንግዲህ እርስዎ ያዩዋት የሌሊት ወፍ ወደ ግድግዳው ስታመራ ተስፋ ቆርጣ ሳይሆን የምታውቀውን መንገድ ይዛ ነበር፤ የምትፈልገው ወጥታ የምትወድቅበትን ከፍታ ነው። ያልተነሣችውም በዝርያዋ ምክንያት ብቻ ላይሆን ይችላል። ብዙ ዝርያዎች ሲያርፉ የሰውነታቸውን ሙቀት ዝቅ ያደርጋሉ፤ በዚህ ሁኔታ የወደቀች የሌሊት ወፍ ጡንቻዎቿ እስኪሞቁ ድረስ እየተንቀጠቀጠች መቆየት አለባት፣ ከዚያ በፊት በእጇ መዝለል አትችልም። ውኃ ጥሟት፣ ታማ ወይም ቆዳዋ ተቀድዶም ሊሆን ይችላል። ሌላ ጊዜ ካጋጠመዎት በባዶ እጅ አይንኳት፤ የሌሊት ወፎች የእብድ ውሻ በሽታ ሊያስተላልፉ ስለሚችሉ ከነከሰችዎ ወይም ከቧጨረችዎ ቦታውን በሳሙናና በብዙ ውኃ አጥበው ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ይሂዱ። ካልተነካካች ግን ሻካራ ጨርቅ ከግድግዳው ላይ እስከ ወለሉ ድረስ አንጠልጥለው፣ መብራቱን አጥፍተው፣ መስኮቱን ከፍተው ይራቁ። በጨርቁ ላይ በአውራ ጣቶቿ እየቆነጠጠች ስትወጣ፣ ከላይ ስትደርስ ዞራ በእግሯ ስትንጠለጠል፣ ከዚያም ለቅቃ ስትወድቅ ከሩቅ ሆነው ሊያዩ ይችላሉ።